በገዘር አካባቢ የአንድ ብረት ቀጥቃጭ ቤተሰብ ታሪክ

ይህ ጽሑፍ በአሪ አገር፣ በገዘር አካባቢ፣ ከ1890ዎቹ ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ስለ ኖሩ አንድ ብረት ቀጥቃጭና ስለ ቤተሰባቸው ነው። ስማቸውን አንጽፍም፤ ልጃቸው በሕይወት ስላሉና የቤተሰቡን ነገር ሲያጫውቱን ስም እንዳይጠራ ስለ ለመኑን ነው። የለመኑበትን ምክንያት አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ያገኘዋል። ዘመኑ ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ወደዚህ ጥናት የመራን አንድ የክፍል ንባብ ነው። በአውሮጳ የኢንዱስትሪ ታሪክ ትምህርት ላይ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዌልስ አገር ስለ ኖሩ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች አንብበን ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1913 ሰንገኒድ በተባለው መንደር ጕድጓዱ ፈንድቶ 439 ቈፋሪዎች ሲሞቱ የሟቾቹ ስምና ዕድሜ ተጽፎ ቀርቷል። ከዚያ 2 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ እያንዳንዷ ባለትዳር ሴት ካገባች ስንት ዓመት እንደ ሆናት፣ ስንት ልጆች እንደ ወለደች፣ ስንቱ በሕይወት እንዳሉና ስንቱ እንደ ሞቱ ተጠይቃ መልሷ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። እንግዲህ ቅድመ አያቱ ከሰል ቈፋሪ የነበረ የዌልስ ተማሪ ወደ መዝገብ ቤት ሄዶ አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጥ የቤተሰቡን ታሪክ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

እኛስ? በአገራችን መላውን ሕዝብ ለማዳረስ የታሰበው የመጀመሪያው ቈጠራ የተደረገው በግንቦት 1976 ነው። በ1890ዎቹ የተወለደ ሰው ያን ቀን ቢደርስ ኖሮ 80 ዓመት ገደማ በሆነው ነበር። የእኛ ሰው ግን አልደረሱበትም። ስለዚህ በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጻፉ ኖረው ሞተዋል ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ሰው ታሪክ መጻፍ ይቻላል ወይስ አይቻልም? የጥናታችን ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር እንበል። በአማርኛ ከሰል የሚለው ቃል ከእንጨት የሚወጣውንም፣ ከመሬት ተቈፍሮ የሚገኘውንም ያመለክታል። የድንጋይ ከሰል በጭልጋ፣ በጅማ አጠገብ በደልቢና በሞዬ፣ በኢሉባቦርም በያዮ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በአገራችን እንደ ዌልስ ያለ ሰፊ የከሰል ቈፋሪዎች መደብ አልተፈጠረም። በእኛ በኩል ለዚያ ሠራተኛ የሚቀርበው ሰው የብረት ድንጋይ የሚቈፍረው፣ እንጨት አክስሎ የሚያቀልጠውና የሚቀጠቅጠው ባለእጅ ነው፤ እሱም ከዘመዱ በቀር ማንም አብሮት የማይበላ ሰው ነበረ።

ምንጮቻችን ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የቀጥቃጩ የመጨረሻ ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ 80 የሚጠጋ ሲሆን ዛሬም መዶሻ አልጣሉም። ሁለተኛዋ አያታችን ናቸው፤ ቤተሰባችን ገበሬ ስለ ሆነና ለረጅም ዘመን የዚያ ቀጥቃጭ ደንበኛ ስለ ነበረ፣ የቤታቸው ታሪክ እኩሌታው በእኛ ቤት ይነገራል። ሦስተኛው ሊቃውንት ስለ አሪ ሕዝብ የጻፉት ነው። የሁለቱ አረጋውያን ቃል ብዙ ጊዜ አይስማማም፤ ባይስማማም አንዱን ጥለን ሌላውን አልያዝንም።

አንባቢው የአሪን ማኅበረሰብ ላያውቅ ስለሚችል በአጭሩ እንግለጽ። አሪ በጂንካ ዙሪያ ባለው ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር፣ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ማሽላና ቡና የሚያለማ ሕዝብ ነው። ጥንት በየራሱ ባቢ ሥር የሚተዳደር በርካታ ግዛት ነበረው፤ ባቢ ማለት የግዛቱ ባላባትና የመሬቱ ባራኪ ነው። በየግዛቱ ሕዝቡ በሁለት ይከፈላል፤ ገበሬው ካንፃ ሲባል ባለእጁ ማና ይባላል። ማናም እንደ ገና ሸክላ የሚሠራው ቲላ ማና፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ፋቃ ማና ተብሎ ይለያል። ካንፃና ማና አይጋቡም፤ ዱሮ በአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ በአንድ ዋንጫም አይጠጡም ነበር። ማና የሚለው ስም ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ስድብ ሆኖ ስለሚሰማ ከዚህ በኋላ ባለእጅ ወይም ቀጥቃጭ እንላለን። ይህ ልማድ የአሪ ብቻ እንዳይመስል ደግሞ በወላይታ ወጋቼና ጨናሻ፣ በኮንሶ ሐውዳ፣ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉትን ማስታወስ ይበቃል። በሰሜንም ቢሆን ጠይብን ቡዳ ነው እያሉ የሚፈሩ ብዙዎች ነበሩ። ያለ ማረሻና ያለ ዶማ የሚኖር ገበሬ የለም፤ ማረሻውን የሚሠራውን ሰው ግን የየአገሩ ገበሬ አራቀው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ እንመለስ። ልጅየው እንደ ነገሩን አያታቸው የአሪ ተወላጅ አልነበሩም፤ ከዲሜ የመጡ ናቸው። ዲሜ ከአሪ በስተሰሜን ያለ ትንሽ ሕዝብ ሲሆን ቋንቋውም ከአሪና ከሐመር ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ ነው። ዲሜዎች የብረት ድንጋይ ቈፍረው በማቅለጥ የታወቁ ነበሩ፤ ከእነርሱ የሚወጣው ብረት በዙሪያቸው ላሉ ሕዝቦች ይደርስ ነበር። አያትየው የሚቈፍሩትን ድንጋይ በክብደቱና በቀለሙ ይለዩት ነበር ይባላል። ከዚያም ሰባብረው፣ በእሳት አሙቀው፣ ከከሰል ጋር እያፈራረቁ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩታል። ወናፉ ያለ ማቋረጥ ይነፋል። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በእንዲህ ያለው ምድጃ ብረቱ እንደ ውኃ አይፈስም፤ ብረት የሚቀልጠው ሙቀቱ 1538 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የሸክላው ምድጃ ግን ብዙ ጊዜ ከ1200 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ የሚቀልጠው ዝቃጩ ነው፤ ብረቱ እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ የበዛበት ጕብር ሆኖ ከታች ይቀራል። ያን ጕብር ደጋግሞ አግሎ፣ ደጋግሞ ቀጥቅጦ፣ የቀረውን ዝቃጭ ከውስጡ ማስወጣት የሌላ ቀን ሙሉ ሥራ ነው።

የምኒልክ ጦር በ1880ዎቹ ወደዚህ አገር ከዘለቀ በኋላ ዲሜና አሪ በባሪያ ፈንጋዮች ክፉኛ ተጐዱ። የዲሜ ሕዝብ ቍጥሩ የተመናመነው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥቃጩ ገና ሕፃን ሳሉ በአባታቸው ጀርባ ታዝለው ወደ አሪ እንደ ገቡ ልጃቸው ይናገራሉ። አንዲት እኅታቸውና የአያትየው ወንድም በመንገድ ተወስደው ቀርተዋል። ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለም፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቡና ሲፈላ መጀመሪያ የሚወርደውን ለእነርሱ ብሎ ወደ ውጭ ያፈስሳል። መንግሥት የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ዐዋጅ ያወጣው በ1916፣ ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር በገባችበት ዓመት ነው፤ ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣውም በነሐሴ 1934 ነው። ለዚህ ቤተሰብ ሁለቱም ዘግይተው የደረሱ ናቸው።

በአሪ አገር አያትየው የብረት ድንጋይ አልቈፈሩም። ዲሜን ከሚያውቁ ነጋዴዎች የብረት ጕብር እየተቀበሉ መቀጥቀጥ ብቻ ሥራቸው ሆነ፤ ልጃቸውም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወናፍ ነፊ ሆኑ። ታሪካቸውን የምንጽፍላቸው ቀጥቃጭ እንግዲህ እኚህ ወናፍ ነፊ ልጅ ናቸው።

ስለ ከሰሉ ሥራ ትንሽ እንዘግይ፤ ምክንያቱም ስለ ቀጥቃጭ ሲነገር ሁሉም መዶሻውን ያያል እንጂ ከሰሉን የሚያይ የለም። ልጅየው ግን አባታቸው ከቀጠቀጡበት ቀን ይልቅ ከሰል ያከሰሉበት ቀን ይበዛል ብለው ነግረውናል። ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ነድዶ የሚወጣው ከሰል 1 ኪሎ ያህል ብቻ መሆኑን ስናስብ ቃላቸው እውነት ሳይሆን አይቀርም። እንጨቱ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ወይራና ግራር የመሰለው ፍሙ ቶሎ አይከስምም፤ ለስላሳው እንጨት ግን ገና ብረቱ ሳይግል ዐመድ ይሆናል። እንጨቱ ተቈርጦ ይደርቃል፤ በጕድጓድ ውስጥ ይደረደራል፤ በቅጠልና በሣር ይሸፈናል፤ በላዩም አፈር ይለበሳል። እሳቱ ከተለኰሰ በኋላ የሚጠበቀው ጢሱ ነው። መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ሆኖ ይወጣል፤ ያ የእንጨቱ ውኃ ነው። በኋላ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ እንጨቱ ከስሏልና አየር እንዳይገባ ቀዳዳው ሁሉ በጭቃ ይደፈናል። ሌሊት ንፋስ ተነሥቶ አፈሩን ቢከፍተው የሳምንት ድካም በአንድ ሰዓት ዐመድ ይሆናል። ስለዚህ ቀጥቃጩ ከጕድጓዱ አጠገብ ያድሩ ነበር። በሰፈሩ የሚኖሩ ሕፃናት ሌሊት በጫካ ውስጥ ብርሃን ሲያዩ ቀጥቃጩ ጅብ ሆኖ ይዞራል ይባሉ እንደ ነበር አያታችን ነግረውናል። ሰውየው በዚያ ሌሊት የሚሠሩት የእኛን ዶማ የሚያግለውን ከሰል ነበር።

ምድጃው ከቤቱ ወደ ታች፣ ከገበሬዎቹ ሰፈር ራቅ ብሎ ነበር። ወናፉ ከፍየል ቆዳ የተሠራ ሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይነፋል፤ ነፋሱም በሸክላ ቱቦ ወደ ፍሙ ይገባል። መስፉ በመሬት የተተከለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር፤ የብረት መስፍ የመጣው በኋላ ነው። መዶሻ፣ ጕጠትና ብረት መብሻ ከዚህ ላይ ሲጨመር ዕቃው ሁሉ ይኸው ነው። ከዚህም ዶማ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ፣ ምሳር፣ የጦር ጫፍና የከብት ቃጭል ይወጣል። ወናፍ የሚነፉት ሚስታቸውና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ልጅየው ክንዳቸውን ሲያሳዩን የቀኙ ከግራው የበለጠ ነው፤ በ6 ዓመታቸው ወናፍ ስለ ጀመሩ ነው ይላሉ።

የገባር ሥርዓት በነበረበት ዘመን የአሪ ገበሬ ለነፍጠኛው እህልና ማር ያገባ፣ ቤት ይሠራ፣ እንጨት ይፈልጥ፣ እህል ይፈጭ ነበር። ብዙዎች ጸሐፊዎች ይህን ዘርዝረዋል፤ ባለእጁ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። ልጅየው እንዳስረዱን አባታቸው መሬት ስላልነበራቸው እንደ ገበሬው በእህል አይገብሩም፤ ነገር ግን ለአንድ መልከኛ በየዓመቱ የተቈረጠ ዶማና ቢላዋ ያገቡ ነበር። ብረቱንም ከሰሉንም የሚያቀርቡት ራሳቸው ናቸው። ከሰሜን የመጡት ሰፋሪዎች በበሬ ያርሱ ስለ ነበር ማረሻና ወገል መሥራትንም በዚያ ዘመን ተማሩ። የመጀመሪያው ማረሻቸው ወደ ጐን ዘንበል ብሎ ስለ ወጣ ባለቤቱ መልሶ ወርውሮባቸው ነበር ይባላል፤ ሁለተኛውን ግን ወሰደው። ልጅየው ይህን ሲነግሩን ሣቁ።

ከገበሬው ጋር የነበራቸውን ሒሳብ በተመለከተ ግን ሁለቱ ምንጮቻችን ተለያይተዋል። አያታችን እንደሚሉት እያንዳንዱ የገበሬ ቤት የራሱ ቀጥቃጭ ነበረው፤ ቀጥቃጩ ዓመቱን ሙሉ የቤቱን ብረት ይሠራል፣ የዶለዶመውን ይስላል፤ አዝመራ ሲገባ አንድ ቅርጫት ማሽላና የተፋቀ እንሰት ይሰጠዋል። ሰርግም ሲኖር ድርሻው ይላክለታል። ስለዚህ በአያታችን አነጋገር ቀጥቃጩ የቤት ሰው ነበር። ልጅየው ይህን ስንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ቅርጫቱ እውነት መሆኑን፣ ነገር ግን ከአጥር ውጭ ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው፣ በሚሰጠው ሰው ደስታ እንጂ በሠሩት ልክ እንዳልነበረ፣ ዝናም ባነሰበት ዓመትም የሚቀረው መጀመሪያ የእነርሱ ቅርጫት እንደ ነበር አስረዱን። ክፉ ዓመት ሲመጣ እናታቸው የጫካ ሥራ ሥር ቈፍረው ይቀቅሉ ነበር። በእኛ አስተያየት አያታችን አልዋሹም፤ እሳቸው የሚያስታውሱት የሰጡትን ነው። ልጅየው ደግሞ የሚያስታውሱት ያልደረሳቸውን ነው። መሬት የሌለው ሰው ዋጋውን ለመከራከር ምን ኀይል ነበረው? ዶማ አልሠራም ቢል የሚበላው የለም።

ቀጥቃጩ ያገቡት ከቀጥቃጭ ቤት ነው፤ ከሌላ ሊሆንም አይችልም ነበር። በአካባቢው የነበሩት የቀጥቃጭ ቤቶች ጥቂት ስለ ሆኑና እነርሱም በዝምድና የተሳሰሩ ስለ ነበሩ ሚስት ለማግኘት የ3 ቀን መንገድ ሄደዋል። 8 ልጆች ወልደው 3 አደጉላቸው። (የዌልሷ ሴት መልሷ በወረቀት ሰፍሯል ብለን ነበር፤ የእኚህ እናት መልስ ይኸው አሁን ተጻፈ።) ከ3ቱ አንደኛዋ ሴት ልጅ ወደ ጂንካ ተድራ በዚያው ኖራለች፤ ሁለቱ ወንዶች ሙያውን ወረሱ።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በአገሩ ላይ በቈየበት ጊዜ አንድ ነገር ተለወጠ፤ እርሱም ብረቱ ነው። ጣሊያን መኪና አመጣ፤ መኪናም ይሰበራል። ከሁሉ ይልቅ የተወደደው የመኪና ባሌስትራ ነበር፤ ጠንካራ፣ ንጹሕና ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ቢላዋና ማጭድ ለመሥራት ግማሹ ሥራ አልቆ የመጣ ያህል ነው። የብረት ጕብር ከዲሜ መግዛት ቀረ። ድንጋይ የሚቈፍረውና የሚያቀልጠው ሰው ሥራ በዚህ ዐይነት በሩቅ ፋብሪካ ተሸነፈ። ይህ በአሪና በዲሜ ብቻ የሆነ አይደለም፤ የውጭ አገር ብረትና ቍርጥራጭ በገባበት ሁሉ የአገር ምድጃ ጠፍቷል። የሚያስደንቀው ግን ከሰሉ አለመቅረቱ ነው። ባሌስትራውንም ለማጋል ከሰል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አያትየው ድንጋዩን ቢተዉም፣ አባትየው ጕብሩን ቢተዉም፣ ልጅየው እስከ ዛሬ እንጨት ያከስላሉ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 እና በ1937 የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች የገባሩን ግዴታ በገንዘብ ግብር ተኩ። ለመልከኛው የሚገባው ዶማና ቢላዋ ቀረ። ቀጥቃጩ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጂንካ ገበያ እየወጡ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ጀመሩ፤ ይህም ከገበሬው ቅርጫት ጥቂት አላቀቃቸው። በ1958 ገደማ ሞቱ። የተቀበሩት ከገበሬዎቹ መቃብር ተለይተው፣ ከምድጃቸው በላይ ባለው ቍልቍለት ላይ ነው። የየካቲት 1967 የመሬት ዐዋጅ መሬት በእጁ ለማረስ ለሚፈቅድ ሰው ሁሉ ልዩነት ሳይደረግ እንዲሰጥ ባዘዘ ጊዜ ልጆቻቸው መጀመሪያ የራሳቸውን እንሰት ተከሉ። ልጅየው የዘመኑን ብዙ ነገር በክፉ ያነሣሉ፤ ይህን አንዱን ግን በበጎ።

ባለእጅን መስደብ የተከለከለው ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መሆኑን መርሳት አይገባም። ዐፄ ምኒልክ በጥር 1900 ባወጡት ዐዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውንና ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዝዘው ነበር። ዐዋጁ በዚያን ጊዜ ገና ወናፍ ነፊ ልጅ የነበሩትን የእኛን ሰው ጆሮ መድረሱን እንጠራጠራለን። ስድብን በዐዋጅ ማገድ ከተቻለም፣ አብሮ አለመብላትንና አለመጋባትን ግን ዐዋጁ አልነካውም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነጥብ ደርሰናል። ባለእጆቹ ከየት መጡ? በገዘር አካባቢ ሦስት ዐይነት መልስ ይሰማል። ገበሬዎቹ ከሚናገሩት አንደኛው፣ ባለእጆች ከጥንት ጀምሮ የተለየ ዘር ናቸው፤ እኛ ከመምጣታችን በፊት በጫካ አድነው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የአንድ አባት ልጆች ሳሉ አንደኛው በበደል ተረግሞ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው እኚህ ቤተሰብ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት፣ ማለት ከዲሜ በስደት መጣን የሚለው ነው። የመጀመሪያውን አሳብ ከውጭ አገር ሊቃውንትም የደገፉት አሉ፤ በኢትዮጵያ ያሉ ባለእጆች የጥንት አዳኞች ቅሬታ ናቸው ብለው ነበር። ሌሎች ደግሞ ባለእጆች ከገበሬው ወጥተው በሥራቸው ምክንያት የተገለሉ ናቸው ብለው ተከራክረዋል።

በቅርብ ዓመታት ይህ ክርክር ወደ ደም ምርመራ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ አንድ ጥናት የአሪ ገበሬዎችና የአሪ ቀጥቃጮች ዲ.ኤን.ኤ. ተመርምሮ ሁለቱ በግልጽ ተለይተው ታዩ። ይህን ብቻ የሰማ ሰው፣ እነሆ ዘራቸው ልዩ ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ነገር በሌላ ዘዴ መርምረው ልዩነቱ ከሌላ ዘር በመምጣት የሆነ አለመሆኑን አሳዩ። ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ ደማቸው በፍጥነት ከጎረቤታቸው እየተለየ ይሄዳል፤ ይህን ከግምት ሲያገቡት ገበሬውና ቀጥቃጩ ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተለያዩ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዓመት በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4500 ዓመት ዕድሜ ያለው አፅም ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይልቅ ለአሪ የቀረበ ሆኗል።

ከዚህ ላይ የራሳችንን አሳብ እንጨምር። በአገራችን ብረት የታወቀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ሺህ ዓመት ነው። እንግዲህ ቀጥቃጭ የሚባል ሰው ብረት ከመታወቁ በፊት ሊኖር አይችልም፤ ልዩነቱ በሥራው ምክንያት የመጣ ከሆነ ጥንታዊ የሚባለው ግንብ ሰዎች እንደሚሉት ያህል ጥንታዊ አይደለም። የደም ምርመራው ግን ስለ እያንዳንዱ ቤት አይናገርም፤ ይህ ቤተሰብ ከዲሜ መጣሁ ቢል የሚያስተባብል ነገር የለም፤ ከውጭ የገባ ባለእጅ በሙያው ምክንያት ወደ ተገለለው ክፍል ቢጨመር የሚጠበቅ ነው። ሚስት ፍለጋ የ3 ቀን መንገድ የሄዱትን ሰው ስናስብ ደግሞ ያ በቤተ ሙከራ የተገኘው ልዩነት እንዴት እንደ ተፈጠረ በዐይናችን ያየን ይመስለናል። ልዩ ደም አላቸው ስለ ተባለ አልተጋቡም፤ ስላልተጋቡም ደማቸው ልዩ ሆነ።

ይህን የምንጽፈው ከዳር ቆመን አይደለም። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስንማር ሁላችን የአንድ አባት ልጆች መሆናችንን በየማለዳው እንሰማ ነበር። በክፍላችን አንድ የቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በሒሳብ ከሁላችን ይበልጣል። ምሳውን ግን ብቻውን ከግድግዳው ጥግ ይበላ ነበር። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከለከለውም፤ እኛም አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ ጥግ አልሄድንም። ሒሳብ ሲያስጠናን አጠገቡ እንቀመጣለን፤ ደወል ሲደወል እንነሣለን። ወደ ቤታችን በመጣ ጊዜ እናታችን ውኃውን በዋንጫ ሳይሆን በእጁ ላይ አፍስሰው አጠጡት፤ እሱም እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። እኛ በዚያን ጊዜ አላፈርንም። ልጁ የእኚህ አረጋዊ የልጅ ልጅ መሆኑን ያወቅነው ለዚህ ጥናት ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ነው። ስም አትጥሩ ያሉንም ለእሱ ብለው ነው፤ ዛሬ ከገዘር ርቆ በሚገኝ ከተማ ሥራ ይዟል፤ የገበሬ ልጅም ሊያገባ ነው፤ የልጅቱ ወላጆች የማን ልጅ እንደ ሆነ ገና አልጠየቁም።

በመጨረሻው ቀን አንድ ዶማ ይዘንላቸው ሄድን። ከቤታችን የቈየ ሲሆን፣ አያታችን በ1950 ገደማ ሲዳሩ ቀጥቃጩ ራሳቸው ሠርተው የሰጧቸው ነው ይባላል፤ ለጥናታችን ማስረጃ ይሆናል ብለን ነበር። ልጅየው ዶማውን ተቀብለው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም ይህ በአባታቸው እጅ የተሠራ ቢሆንም ብረቱ ግን የባሌስትራ ብረት አለመሆኑን፣ በተበላበት በኩል እንደ እንጨት ጭረት ሆኖ የሚታየው መስመር የዲሜ ጕብር ዝቃጭ መሆኑን አሳዩን። በ1950 በዚህ ቤት የዲሜ ብረት አልነበረም። እንግዲህ ዶማው ከአያታችን ሰርግ የሚቀድም፣ ምናልባትም ከጣሊያን በፊት የተሠራ፣ ለአያታችን ከአማቶቻቸው የተላለፈ ነው ማለት ነው። ወደ ቤት ተመልሰን ይህን ስንነግራቸው አያታችን ትንሽ ተቈጡ፤ በኋላ ግን የባላቸው እናት ከማለፋቸው በፊት አንድ ዶማ እንደ ሰጧቸው ትዝ አላቸው።

ልጅየው ዶማውን ሲመልሱልን ጠርዙ መዶልዶሙን አይተው ካልሳልኩት አትወስዱትም አሉ። ወናፉን የምንነፋው እኛ ነበርን። ዋጋውን ስንጠይቃቸው 50 ብር ነው አሉን፤ ከፈልን።